የማይነሳ አሻራ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

የጓሮውን አጥር ግማሽ ለሰንኩ። ፀሐይ ነበር። ቀጥ ብሏል፣ ያምራል።

ልጄ ደወለች። ከባሕር ማዶ። እሷ ጋ የመኖሪያ ፈቃዴ ጉዳይ ጥሩ እየሄደ ነው፣ አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ አለች። ከፖሊስ። ወንጀል አለመሥራቴን የሚናገር።

«ሌባ አለመሆኔን አንቺ አታውቂም?»

«እኔማ አውቃለሁ አባዬ። እነሱ ናቸው የማያውቁህ።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። ወረቀቱ ታኅሣሥ ሳያልቅ ካልደረሰ ፋይሉ ይዘጋል። እንደገና ከሀ መጀመር ነው፤ እሱ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። እሷ ጥር ላይ ትወልዳለች። የመጀመሪያ ልጇን።

እሺ፣ አወጣዋለሁ አልኩ። ለሷ ስል ነው እንጂ እኔስ እዚሁ ደህና ነኝ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ፖሊስ ጣቢያ ዋልኩ። ሰልፉ እስከ ውጭ በር። ሌባ አለመሆኔን ልጠይቅ እንደ ሌባ ተሰለፍኩ… ከፊቴ ያለው ሾፌር ዞር ብሎ «አባት፣ ምን ሠርተው ነው?» አይለኝም? «ምንም አልሠራሁም፣ ለዚያ ነው የመጣሁት» አልኩት።

አሻራ የምታነሳዋ ፖሊስ ልጅ እግር ናት። ጣቴን አንድ በአንድ ቀለም እየቀባች ወረቀቱ ላይ አንከባለለችው። ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። እንደገና አንከባለለች።

«አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ግንበኛ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ሳትወለጂ።»

«ሲሚንቶው በልቶታል። አንድ መስመር የለም። ይኸው፣ ጥላሸት ብቻ።»

ሁለት መንገድ አለ አለች። ወይ አንድ ወር እጄን ማሳረፍ፣ ቆዳው እንዲመለስ። ወይ ለአለቃዋ ማመልከቻ ጽፌ «ያለ አሻራ በስሜ ብቻ ይጣራልኝ» ብዬ መለመን።

«መጠየቅ ነው ያልኩት አባባ፣ መለመን አላልኩም።»

ያው ነው። አሳርፋለሁ አልኳት።

ጥቅምት 8

ማረፍ ከሥራ ይከብዳል። አጥሩ በግማሽ ቆሞ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ሰማች። (እሷ የማትሰማው ምን አለ?) ከመጋረጃ ቁራጭ ጓንት ሰፍታ መጣች። አበባ ያለበት።

«ጋሼ፣ ቫዝሊን ተቀብተው ይህን ያጠልቃሉ።»

«እኔ? አበባ?»

«ማን ያይዎታል?»

እውነቷን ነው። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ማን ያየኛል። አጠለቅኩት።

ጥቅምት 17

ሻይ ቤት ገባሁ። ጓንቱን እንዳያዩብኝ እጄን ኪሴ ከትቼ። ሰፈሩ ለካ ሌላ ሲያወራ ሰንብቷል። ፀጉር አስተካካዩ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ጋሽ ቱንቢ፣ ጣትዎን በአሲድ አጥበው አሻራ አጠፉ ይላሉ… ለመሆኑ ምን ሠርተው ነው?»

ቱንቢ የሚሉኝ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ቀጥ ያልኩ ስለሆንኩ ነው። አሁን ሽፍታ ሆንኩላቸው። እጄን ከኪሴ ሳላወጣ ተነሳሁ። ስወጣ በር ላይ የቆሙት ሁሉ መንገድ ለቀቁልኝ።

መጥፎ አልነበረም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዛሬ ነበር ቀኑ። ጣቴን በብርሃን አየሁት። መስመር መስመር ብሏል። ልብስ ሰፊዋም መነጽሯን አድርጋ አይታ መሰከረች።

ጣቢያው ጋ ሰልፉ አይነቃነቅም። ከሰልፉ ጎን ሁለት ወጣቶች የጣቢያውን ግድግዳ ይለስናሉ። አላየሁም ብዬ ዞርኩ። ግን ድምፁ… አቅጥነው ነው ያቦኩት። ሲለጥፉት ይወርዳል። ሲለጥፉት ይወርዳል።

«ውኃው በዛ» አልኩ።

«አባት፣ ተራዎን ይጠብቁ።»

«ግድግዳውን አጠጡት እንጂ ሲሚንቶውን አጠጡ ማን አላችሁ?»

«ያውቁበታል እንዴ? እስቲ ያሳዩና!»

ለማሳየት ብቻ ነበር። አንድ የግንበኛ ማንኪያ። ከዚያ ጥጉ ቀረ፤ ጥግ ደግሞ በጣት ካልታሸ አያምርም… ስሜ ሲጠራ እስከ ክርኔ ሲሚንቶ ነበርኩ።

ፖሊሷ አየችኝ። አስታጠበችኝ። ሞከረች። ጥላሸት። አሸዋው የበቀለውን ሁሉ ፍቆታል።

«አባባ… እኔ ምን ላድርግዎ?»

ግድግዳው ግን ቀጥ ብሏል።

ኅዳር 9

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች መጣች።

«ሆን ብለው ነው!»

«ምኑን?»

«መሄድ አይፈልጉም። ልጅቷን እምቢ እንዳይሏት ጣትዎን ያበላሻሉ።»

«አንቺ ልብስሽን ስፊ!»

«እኔማ እሰፋለሁ። ለልጅ ልጅዎም ጀምሬለታለሁ። ማን እንደሚያደርስለት እንጃ።»

በሩን ዘጋሁባት። ጓንቱን ወረወርኩት። ኋላ አነሳሁት።

ሆን ብዬ ነው እንዴ?

ኅዳር 12

ልጄ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«አባዬ፣ መምጣት ካልፈለግህ ንገረኝ። አልቀየምህም።»

«እንደፈለግሽ።»

«እኔ የምፈልገውንማ ታውቃለህ። አንተስ?»

መስመሩ የተቆረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። አይ እኔ…

እፈልጋለሁ ማለት ምን ይከብዳል? አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እዚህ ቤት ጠያቂዋ እናቷ ነበረች። ልጅቷ ትምህርት ቤት እንድትገባ ደጅ የጠናች እሷ፣ ጨው ሲያልቅ ጎረቤት የምትሄድ እሷ። እኔ ውጭ ቆሜ ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር። አሁን ማን ይጠይቅልኝ? ጉሮሮ መጥረግ ብቻ ልጄ ጋ አያደርስም።

ኅዳር 15

ጣቢያው በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ ሄድኩ። ነገርኩት፣ ጻፈ፣ አነበበልኝ። «እኔ ጧሪ ቀባሪ የሌለኝ፣ አቅመ ደካማ፣ ምስኪን አዛውንት ከእግርዎ ሥር ወድቄ…»

«ማነው የወደቀው?»

«አባት፣ አጻጻፉ እንዲህ ነው።»

«ጧሪ ከሌለኝ ወደ ማን ልሄድ ነው ታዲያ?»

«እሱስ… እውነትዎን ነው።»

ቀደድኩት። ራሴ ልጽፍ ቤት ገባሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፣ ሰው የሚያነበው አንድ መስመር ለመጻፍ አንድ ሜትር ግንብ የመገንባት ያህል ያልበኛል። «ልሄድ እፈልጋለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ውኃ ጠጣሁ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋን በአጥሩ ላይ ጠራኋት።

«ነይ እስቲ፣ አንብቢልኝ።»

ይቅርታ አላልኳትም። ግን በሩን ከፍቼ ጠበቅኳት፤ ገብቷታል።

ኅዳር 16

ማመልከቻዬ ይኸው፦ «ጣቴ አልነሳ ብሏል። በስሜ ፈልጉልኝ። ልጄ ልትወልድ ነው፣ ልሄድላት እፈልጋለሁ። በትህትና።»

ፖሊሷ አነበበችው።

«ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢጽፉት ኖሮ እኮ አባባ…»

«አውቃለሁ። አትጨርሺው።»

ይዛው አለቃዋ ጋ ገባች። ፈረመ። እንደወጣሁ ለልጄ ደወልኩ።

«እፈልጋለሁ።»

«ምኑን አባዬ?»

«መምጣቱን ነዋ!»

ጮህኩ መሰለኝ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ታኅሣሥ 5

ወረቀቱ ወጣ። ማኅተም አለው። «ምንም ዓይነት የወንጀል ሪከርድ አልተገኘበትም» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ ምንም? አንዲት ጠብ እንኳ?

ፎቶ ተነስቶ በስልክ ለልጄ ተላከ። ደረሰ አለችኝ። ፀጉር አስተካካዩ ካላየሁት ብሎ ነበር፤ አላሳየሁትም። ሽፍታነቴ ትንሽ ይቆይልኝ።

ጥር 19

ወለደች! ወንድ። ቪዛው ገና ነው። ሲያለቅስ በስልክ ሰማሁት። ሳንባው ደህና ነው።

መጋቢት 11

ልጄ ቤት ከገባሁ ሰነበትኩ። ግድግዳቸው ሲነኩት እንደ ካርቶን ይጮኻል። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ሕፃኑን እሷና ባሏ ይቀባበሉታል። እኔ ወንበር ላይ፣ እንደ እንግዳ። እንካ ያዘው ያለኝ የለም። እኔም ስጡኝ አላልኩም። ዛሬ ጠዋት አላቆም ብሎ ሲያለቅስ ግን…

«እባክሽ ስጪኝ።»

ልጄ ቀጥ ብላ ቆመች። «ምን አልክ አባዬ?»

«ሰምተሻል።»

«አልሰማሁም። ድገመው።»

ባሏ ኩሽና ሆኖ ሲስቅ ይሰማኛል።

«እባክሽ። ልጁን። ስጪኝ።»

ሰጠችኝ። ወዲያው ሸናብኝ፣ አዲሱ ሱሪዬ ላይ። ልትወስደው እጇን ስትዘረጋ ተቆጣኋት። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ደረቴ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

አሁንም እንደተኛ ነው፣ ሱሪዬም እንደረጠበ። ይቺን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። ፊደሉ ተንጋዷል… ይንጋደድ።