ሐሙስ የሚፈርሰው ምሽግ

ዛዱቪዬ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1998

ለሉክሻ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህን ብርድ እንዳያገኘው የሱፍ ሱሪህን ልበስ። መቼም ለሌላ ሰው የሚነገር አይደለም፤ ትናንት ጉድ ሆኜልሃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ፣ የምሽጉ ጥይት ማቀበያ ቀዳዳ ውስጥ ተሰንቅሬ ቀረሁ። ጎረቤታችን ፔሪና እግሬን ይዛ ስትጎትት ቀሚሴ እስከ ላይ ተተረተረ። "የኔ እመቤት፣ የድሮው ንጉሠ ነገሥት ሰዎች ይህን ምሽግ ሲሠሩ ያንቺን ዳሌ አላሰቡትም" አለችኝ። ሳይመሽ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

ምን ልትሠሪ ገባሽ ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት የደቡቡ ነፋስ ባሕሩን እያስነሣ ሲደበድበው ሰንብቶ፣ የምሽጉ ማማ ግድግዳ ተሰነጠቀ። መሐንዲሶች መጥተው አዩና፣ ማማው ሰው ላይ ሳይወድቅ የፊታችን ሐሙስ በድማሚት ይፍረስ አሉ። ከልጅነታችን ጀምሮ "መቅረብ ክልክል ነው" የተባልንበትን፣ ወታደሮቹ ጥለውት ከሄዱ ወዲህም ፈርቼ ያልረገጥኩትን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላየው ሊሄድ ነው ብዬ ገባሁ።

ሉክሻ፣ ምን ብዬ ልንገርህ። መድፉ የነበረበት ጉድጓድ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ተገልብጦ የተቀበረ ነው የሚመስለው። ከታች የዝናብ ውሃ ተኝቶ፣ ሰማይ ተኝቶበታል። ፔሪና አስነጠሰችና ድምፅዋ ዞሮ ዞሮ ሲመለስ ሁለታችንም አማተብን። አያቶቻችን በበቅሎ ያጓጓዙት ድንጋይ ነው እኮ። አራት ባንዲራ ወጥቶበት ወርዷል። እያንዳንዱ ሠራዊት የቀደመውን ጽሑፍ በኖራ እየደፈነ የራሱን ጽፎ ነበር፤ ዛሬ ኖራው ሲረግፍ ሁሉም ብቅ ብለው፣ ለቀብር እንደተገናኙ ኩርፊያ ያለባቸው ዘመዶች አንድ ግድግዳ ላይ ተፋጠዋል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የማማው መስኮት ነው። ተኳሾቹ ከመስኮቱ በላይ የኛን ባሕር ስለውታል። የትኛው ቋጥኝ ከየትኛው ጋር ሲሰለፍ መርከቧ የት እንዳለች እንዲያውቁ። አንተ የአባትህን የዓሣ ቦታ የምታገኝበት ዘዴ! ለካ ሊገድል የመጣውም ሊበላ የወጣውም ባሕሩን የሚያነበው በአንድ ዓይን ነው።

ወዲያው ቶንካ ትዝ አለችኝ። ልጅህ ጀልባህን አድሳ ማጥመድ ከጀመረች ወራት አለፉ፤ ባዶዋን ነው የምትመለሰው። በዚህ ከቀጠለች ጀልባውን ልትሸጥ ነው። የቤታችሁ የዓሣ ቦታ ምልክት ማማው እንደሆነ ታውቃለች፤ ከምን ጋር ሲሰለፍ እንደሆነ ግን አልነገርካትም።

ማታ ያየሁትን ስነግራት፣ "እማዬ፣ ሃያ ዓመት አብረሽው ወጥተሽ እንዴት አታውቂም?" አለችኝ።

የናንተ ቤት ደንብ ነዋ። ባል ምልክቱን ሲይዝ ሚስት ለማማው ጀርባዋን ትሰጣለች።

"እሺ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽስ ምን ይታይሽ ነበር?"

አሰብኩት። "ሁልጊዜ የቅዱስ ሮኮ ጸሎት ቤት ነጩ ቋጥኝ ላይ ቁጭ ሲል ነበር አባትሽ የሚያቆመን" አልኳት።

ሳቀችብኝ። ባሕር ላይ አንድ ቦታ በሁለት በኩል ካልታየ አይገኝም፤ ለካ ግማሹን እኔው ይዤው ኖሬያለሁ። ሌላው ግማሽ አንተ ጋ ነው። ሐሙስ ማማው ሲወድቅ እሱም አብሮ ይሰምጣል፤ ከዚያ ወዲያ ብትመጣ አንተም አታገኘውም። ሳይወድቅ ቦታው ላይ ቆማችሁ ሌላ ምልክት መያዝ አለባችሁ። ደግሞ በደብዳቤ እንዳትልከው። ፖስተኛው ዓሣ አጥማጅ ነው።

"ካልጠራሽኝ አልመጣም" ብለህ እንደወጣህ አልረሳሁም። እኔም አልጠራም እንዳልኩ ነኝ። የሚጠራህ ምሽጉ ነው። የረቡዑ መርከብ ማታ ሳይሆን በቀን ይገባል አሉ፤ እኔ አልጠየቅኩም፣ ፔሪና ናት የነገረችኝ። ብርድ ልብስህን ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ብል እንዳይበላው ነው።

ቅዱስ ሮኮ መንገድህን ያቅናልህ። ሐሙስ ጠዋት ከቶንካ ጋር በጀልባው እንወጣለን። ከመጣህ እንደ ደንባችን ለማማው ጀርባዬን ሰጥቼ ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ። ካልመጣህ ግን ዞር ብዬ አየውና፣ እንዴት እንደወደቀ እጽፍልሃለሁ።

ዲንካ