ቀዩና ቢጫው ነሐስ

ለመርከብ መካኒኩ ልጄ፣

ከባሕርህ የሰፋ ሰላምታዬ ይድረስህ። በስተርጅና የቆጠርኩት ፊደል እንደ እኔ ቢንጋደድም ችለህ አንብበው። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ይሰድበኛል።

አባትህ ዛሬም ነሐስ ያቀልጣል። "ባሕር የማይበላው ቀዩን ነው፤ ቢጫውን ጨው መጥጦ እንደ ስፖንጅ ያደርገዋል" እያለ ያስተምረኛል፣ አርባ ዓመት ያልሰማሁ ይመስል። ትናንት ግን ከቀዩ ነሐስ ቅርጫት ውስጥ ቢጫ ቁርጥራጭ አገኘሁ።

"አንቺ ነሽ የቀላቀልሽው!" አለኝ።

"አዎ፣ መነጽርህንም የደበቅሁት እኔ ነኝ" ብለው በሳቅ ፍርስ አለ። ሐኪሙ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፏል ብሎናል፤ እሱ ግን የታወረው ሐኪሙ ነው ይላል።

አምና ለመርከብህ የሠራልህ የባሕር ውሃ ማስገቢያ ቫልቭ እንዴት ነው? ለወጉ ያህል ነው የምጠይቅህ። ብቻ ይህን እንዳነበብክ፣ ከወደብ ሳትነሱ፣ በቢላ ፋቅ አድርገው። ቀላ ካለ ደግ። ቢጫ ከሆነ ለአለቃህ ንገር፣ ለአባትህ ግን አትጻፍ።

ለዚህኛው መልስ ሰላምታው ይቅርብኝ፤ ቀለሙን ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ።

ጉልበቷ የሚሰድባት እናትህ