በረዶውን የቀጠልኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለተከበራችሁ የአውሮራ ወጣቶች የዋልታ ሳይንስ ውድድር ዳኞች፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁን፣ የዓይናችሁን ብርሃንና የማስመሪያችሁን ቅንነት አላህ እንዲጠብቅልኝ እመኛለሁ። እኔ አብዱልናስር እባላለሁ፤ መርካቶ ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋሁ፣ ዛሬ ከዴንቨር ኤርፖርት መንገደኛ የማመላልስ፣ ባለፈው ቅዳሜ «ዳታ ፈብርካለች» ብላችሁ ያሰናበታችኋት የአሥራ ሦስት ዓመቷ የሀይፋ አባት ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። ልጄ የሰሜን ዋልታ የባሕር በረዶ በሳተላይት መለካት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ያለውን አሃዝ ወስዳ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ነጭ ጨርቅ በልኩ ቆርጣ፣ ጎን ለጎን ሰፍታ እንደ መጋረጃ አዘጋጅታዋለች። በረዶው ባነሰበት ዓመት ጨርቁም ያጥራል፤ ቁጥር የማያነብ ሰው እንኳ በእጁ ዳብሶ እንዲያውቀው ብላ ነው። እናንተ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ስትለኩ ከአሃዙ ረዝመው አገኛችኋቸው። ልኬታችሁ ትክክል ነው፤ አልዋሻችሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባላል። «ይህን ማን ነካው?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ በዚያችው ደቂቃ ስሟን ከውድድሩም፣ ቃል ከተገባላት የሰመር የዋልታ ሳይንስ ካምፕም ሰረዛችሁ።

የነካሁት እኔ ነኝ። በውድድሩ ዕለት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየሁት፤ ጠርዙ ተንጋዷል፤ መቀሱ ስቶባት ነው አልኩ። ጠርዙ ያልተስተካከለ ጨርቅ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ያጠረውን ሁሉ በነጭ ቀጥዬ፣ ዘምዝሜ፣ በካውያ ተኩሼ፣ ደስ ይላታል ብዬ አጥፌ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት። እሷም የከፈተችው እናንተ ፊት ነው።

ሦስተኛ፣ ዝም ስላለች ጥፋተኛ ናት ብላችኋል። ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት፣ «አባ፣ ሰው ፊት አንተን ብሌም ላደርግ ነው?» አለችኝ። ሰው ፊት አባት አይዋረድም ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ጥፋቱ በእኔ ስም ተመዝግቦ፣ የልጄ ስም እንዲጸዳ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ። ለፍርዳችሁ ያለኝ አክብሮት ጠርዙ እንደተዘመዘመ ጨርቅ ቀጥ ያለ መሆኑን እየገለጽኩ፣

መርፌ እንጂ ዳታ የማያውቀው
አብዱልናስር፣ የሀይፋ አባት

ማስታወሻ፦ የቀጠልኩትን በሙሉ ተርትሬዋለሁ። ስተረትር በረዶው ስንት እንደጎደለ በእጄ ዳብሼ ገባኝ፤ ልጄ ቢያንስ አንድ ሰው አስተምራለች። ሥራው ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እናንተ ወረቀቷ ላይ በቀይ የጻፋችሁት «ፈብርካለች» የሚለው ቃል ግን በየትኛው ምላጭ እንደሚተረተር ብትነግሩኝ፣ እስክሞት አመሰግናችኋለሁ።