ግርማዬ፣ መኪናህ መንገድ ላይ ቀጥ እያለች አስቸገረችኝ

ግርማዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ እነሆ ስምንት ወር አለፈ። ሰው ሁሉ ቀን ሲገፋ ይቀላል ብሎኝ ነበር፤ ውሸታቸውን ነው። የቤቱን ላውራህ። የበሩን ቁልፍ ቀይሬዋለሁ፤ በለቅሶው ጊዜ ማን ገብቶ ማን እንደወጣ አላውቅማ! አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ካፖርትህን ወንድምህ ቢጠይቀኝም አልሰጠሁትም፤ ለምን እንደፈለገው አልገባኝም። እየሳቅክብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባልኩህ ቁጥር ትስቅብኝ ነበር። ሳቅ እንግዲህ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለዚያች መኪናህ ነው።

ያ ቦሌ መንገድ ይኖር የነበረ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊገባ ሲል የሸጠልህን ቀን ታስታውሳለህ? ከመሬት የተጠጋች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ በዕድሜ ከትዳራችን የምትበልጥ የስፖርት መኪና። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ብዬ ጮህኩብህ። ሰው ሁሉ በአውቶቡስ እየተጋፋ እኛ በዚህች ስንታይ ቀበሌው ምን ይለናል አልኩህ። እናቴንስ የት ልናስቀምጣት ነው ስልህ፣ እሷ እንዳትሳፈር ጭምር ነው የገዛኋት ብለህ አሳቅከኝ። ያን ዕለት እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ወስደህ መለስከኝ። ነጠላዬን ነፋስ ሊወስደው ሲል በአንድ እጅህ ያዝክልኝ። ወር ሳይሞላ ታመምክ፣ ከሆስፒታል አልተመለስክም። በዚህ ተናድጄብሃለሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም።

ከሐዘኑ በኋላ ያስተማርከኝ መንዳት ከንቱ አይቅር ብዬ በእሷ ሥራ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ደህና ነበረች። በኋላ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ትንቀጠቀጥና መንገድ መሐል ቀጥ ትላለች። ቁልፉን ባዞር፣ ወይ ፍንክች! ጥቂት ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። እንዲህ ያለ በሽታ አይተህ ታውቃለህ? መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፈረንጁን ነው። ቀጥሎ የጎረቤታችንን ዘበኛ ጠረጠርኩ፤ መኪናዋን ሲያይ ዓይኑ ደስ አይለኝም።

ወሎ ሰፈር፣ አብሮ አደግህ ታደሰ ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ካርቡራተሩን አጥቦ ገጠመ፤ ከጋራዡ ወጥቼ ብዙም ሳልርቅ ቀጥ። መለስኳት። የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ፈትሾ ሰጠኝ፤ አሁንም ቀጥ። በሦስተኛው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሞተሩ አልቋል፣ ሽጫት፣ ገዢ አለኝ አይለኝም መሰለህ! ገዢ አለኝ! ደሜ ፈላ። ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ገጥሞባት ይሆን አልኩ። ደግሞ ጭንቀቴን እየው፤ ከጓደኞችህ መካከል ዛሬም ደጄን የሚረግጥ እሱ ብቻ ነው። እሱም ሌባ ከሆነ ስምህን አብሮኝ የሚያነሳ ሰው አይኖረኝም።

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ጋራዡ ውስጥ ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ። የሚፈታውን ብሎን ሁሉ በዓይኔ ተከተልኩ። ታደሰ መጠርጠሬ ገብቶታል፤ ከፍቶት አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። በመጨረሻ የቤንዚኑን ቱቦ ሲነቅለው ቤንዚኑ ፏ ብሎ ወረደ፣ ከዚያ እየቀጠነ ሄደ፣ ጠብ ጠብ አለና ቆመ። የቤንዚን ማጠራቀሚያው ውስጥ ቱቦውን የሚደፍን ነገር አለ አለኝ። አውርዶ በሽቦ ጫፍ በዝቃጭ የጠቆረ አንድ እርጥብ ነገር ጎትቶ አወጣ። የሴት ስቶኪንግ!

ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ከበበን። ታደሰ ፊቱን አዞረ። ሁለት ወንበር ባላት መኪና የሴት ስቶኪንግ! መሥሪያ ቤትህ ያሉትን ታይፒስቶች በሐሳቤ አሰልፌ እግር እግራቸውን አየሁ። ግርማዬ፣ መቃብርህ ላይ ያፈሰስኩትን እንባ መልስልኝ ልልህ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከታደሰ እጅ ነጥቄ ዘረጋኋት። አውራ ጣቷ ላይ በአረንጓዴ ክር ተሰፍታለች። ቡናማ ክር ከገበያ ጠፍቶ እኔው በእጄ የሰፋኋት ናት። የኔ! ታደሰ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በኩፖን የሚታደለው ቤንዚን አልበቃ ሲልህ ከበርሜል የሚቀዳ እየገዛህ፣ ቆሻሻውን እንድታጣራልህ ማጠራቀሚያው አፍ ላይ በሽቦ አስረሃታል። ሽቦው ዝጎ ሲበጠስ ውስጥ ገባች። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ቱቦውን ትደፍናለች፣ ሲጠፋ ትለቃለች።

እዚያው ዱካው ላይ ሳቅ አፈነኝ። ከሄድክ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞር ታደሰም አብሮኝ አለቀሰ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ ታውቀኛለህ። እሑድ ግን ምሳ ጠርቼዋለሁ፤ ለዚያ ገዢህም አትሸጥም በለው ብዬዋለሁ። ሞተሩ አልቋል ያልኩሽ ግራ ገብቶኝ ነው ይላል። እስቲ እንመነው።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጻድቅ ነበር ሊልህ ነው፤ ካሁኑ ጀምረዋል። ያ የሚያወሩለት ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቀውም፤ በእነሱ ወሬ መሐል ልትጠፋብኝ ነበር። እኔ የማስታውሰው የሚስቱን ስቶኪንግ ከገመድ ላይ ሰርቆ፣ ጠፋችብኝ ስል ደግሞ አልጋ ሥር ሳይቀር አጎንብሶ አብሮኝ የፈለገውን ባሌን ነው። አንዷ ተገኘች፤ ሌላዋስ? መሳቢያውን ሁሉ እያተራመስኩ ነው። እስካገኛት አንተን ማሰቤን አልተውም፤ እንዲያውም ባላገኛት ይሻለኛል።

ጠርጣራዋ ሚስትህ፣
አልማዝ