ለድንች የተነጠፈ ወለል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ለልጄ፣

እንደምን ነሽ? እኔ እንደ እናትሽ “እኛ ደህና ነን” ብዬ አልጀምርልሽም። ደህና አይደለንም። ጊኒ ፒግሽ ድንች መሄድ አቅቶታል። እናትሽ በስልክ “ይበላል፣ ይተኛል፣ ምንም አልሆነም” የምትልሽ ውሸቷን ነው። እንዳትጨነቂ ብላ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ውሸት ስሰማ ደሜ ይፈላል፣ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ ስልኩን ለእሷ ትቼ ወረቀት ያዝኩ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። ጊኒ ፒግሽን ጥለሽብን ስትሄጂ ማን ጠየቀኝ? የተከራየሽበት ቤት እንስሳ አይፈቅድም ብለሽ ለእናትሽ አስታቀፍሻት፤ ለእኔ ቻው እንኳን አላልሽም። እሺ፣ ከሄድሽ ያንን ጭራ የሌለው አይጥሽን ይዘሽ ሂጂ ብያለሁ። ተናድጄ ነዋ። የተናደደ ሰው ያለውን ሁሉ ቋጥሮ መያዝ ምን የሚሉት ነገር ነው? ይኸው ከዚያ ወዲህ በር ከፍቼ ስገባ የሚጮህልኝ እሱ ብቻ ነው።

ያ የፕላስቲክ ሳጥኑ ይሸት ነበር። ዕድሜ ልኬን የሰው ቤት ሴራሚክ ሳነጥፍ የኖርኩ ሰው በገዛ ቤቴ ሽታ አልችልም። በረንዳው ጥግ ላይ ቤት ሠራሁለት። ወለሉን ከሆቴሉ ሥራ የተረፈኝን ነጭ ሴራሚክ አነጠፍኩለት፤ ያንን እናትሽ ለመታጠቢያ ቤት ስትለምነኝ የከለከልኳትን። በውሃ ልክ እየለካሁ ነው ያነጠፍኩት፣ ፊትሽ ይታይበት ነበር። ፎቶ አንስተሽ ላኪላት አልኳት፤ ላከችልሽ። ምንም አላልሽም።

ነገሩ የጀመረው ከፍሪጁ ነው። ፍሪጅ ሲከፈት ወይ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ እንዴት እየጮኸ እንደሚሮጥ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ጮኸ፣ ግን አልመጣም። ተቀምጦ ይጮኻል። እናትሽ ወፍሮ ነው አለች፤ እኔም ጠግቦ ነው አልኩ። ቀጥሎ የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እየጎተተ እንደ ጥንቸል ይፈናጠር ጀመር። ከዚያ የጀርባው ፀጉር ተንጨበረረ፤ ለካ ዞሮ ራሱን ማጽዳት አቅቶታል። በመጨረሻ ድርቆሹ ከፊቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ያየዋል እንጂ አይደርስበትም። ይህን ሳይ የጫማ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አነጠፍኩና ይዤው ወደ እንስሳት ሐኪም ቤት ሄድኩ። አውቶቡስ ላይ ሰው ሁሉ ምን ይዘሃል ይለኛል። ድንች እላለሁ።

ሐኪሟ አንቺን የምታክል ልጅ ናት። አገላብጣ የእግሩን ሥር አሳየችኝ። ቀልቷል፣ አብጧል፣ አንደኛው ቆስሏል። ጥፍሩ ረዝሞ ተጣጥፏል። ራጅ አነሳችው፣ ስብራት የለም። ቁስሉ አጥንት ድረስ ከዘለቀ ግን አይድንም አለችኝ። ምን እንደሚበላ ስትጠይቀኝ አንቺ ትተሽው የሄድሽውን ከረጢት መኖ ነገርኳት። መኖ ሲቆይ ቫይታሚን ሲው ይጠፋል፣ እነሱም እንደ ሰው ከምግብ ካላገኙት መገጣጠሚያቸው ያብጣል፣ እግራቸው ይከዳቸዋል አለች። ትልቁን የማያቃጥለውን ቃሪያ በየቀኑ ስጠው አለችኝ። ለካ አንቺም ይህንኑ ለእናትሽ ነግረሻት ነበር። እናትሽ ግን ቃሪያ ሲባል የትኛውም ያቃጥለዋል ብላ፣ አዝናለት፣ አንድም ቀን ሳትሰጠው ቀርታለች። ለእኔም አልነገረችኝ።

እሱንም ቻልኩት። ቀጥላ የሚውለው ምን ላይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሴራሚክ ላይ ነው አልኳት፣ ኮራ ብዬ። እግሩን እንደገና ገልብጣ አሳየችኝ።

“አባባ፣ ያቆሰለው ወለሉ ነው። ጠንካራ ነው፣ ያንሸራትተዋል።”

እኔ ባነጠፍኩት ወለል ላይ ስንት ሙሽራ ጨፍሯል፣ አንድም ሰው ወድቆ አያውቅም። ይህንኑ ነገርኳት፤ ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፣ ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ በበሩ አጮለቁ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ጥፍሩን ቆረጠችለት፣ የሕመም ማስታገሻውን መርፌ በሌለው ስሪንጅ በጉንጩ በኩል እንዴት እንደምሰጠው አሳየችኝ። ለስላሳ ነገር ላይ ይዋል፣ ምግቡና ውሃው አፉ ሥር ይሁን አለች። ሲነሳ ደግሞ አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር። ከላይ ሆኖ ማንጠልጠል የለም፤ እሱ ያለበት ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ማንሳት ነው።

ቤት ስገባ መዶሻና መሮ አነሳሁ። እናትሽ ነገ ይደርሳል ብትለኝ አልሰማኋትም። መዶሻ ከያዝኩ ቆይቼ ስለነበር እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሴራሚኩም ጥሩ አድርጌ አንጥፌው ኖሮ አልነቀል አለ፤ በእሱም ተናደድኩ። ነቅዬ ስጨርስ መነሳት አቃተኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውና እናትሽ ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ይህ ከድንች ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ስለ እኔ አይደለም የምጽፈው። እናትሽ “አባትሽ ሥራ ሄዷል” ስትልሽም ዝም ብለሽ ስሚያት።

አሁን ድንች የሚተኛው ትተሽው በሄድሽው ለስላሳ ሰማያዊ ጋውንሽ ላይ ነው። ለምን እንዳልጣልኩት አትጠይቂኝ። ቃሪያውን ይበላል፤ እናትሽ እስካሁን እያየችው ፊቷን ታጨማድዳለች።

እሁድ ዕለት የላክሽውን የድምፅ መልእክት እናትሽ በረንዳው ላይ ሆና ከፈተችው። ድንች ድምፅሽን ሲሰማ ቀና አለ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ተነሳ። እየተንገዳገደ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ጋውኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ መልእክቱ አለቀ፤ እዚያው ቀረ። በዚያ መልእክት ስለ ድንች ጠየቅሽ፣ ስለ እናትሽ ደም ግፊት ጠየቅሽ። ሌላ ሰው አልጠየቅሽም። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ነው። የእናትሽ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ድንችም ይፈራገጥባታል። እኔ ዘንድ ሲሆን ዝም ይላል። ወለሉ ላይ መቀመጥ እችላለሁ፤ መነሳቱ ነው ያቃተኝ፣ እናትሽ ደግሞ ብቻዋን አታነሳኝም። ትናንት ጠዋት መድኃኒቱን ሰጥቼው፣ ልብስ ሰፊው ከሥራ እስኪመለስ ድረስ እኔና ድንች እዚያው ወለሉ ላይ ዋልን። በተከፈተው በር የወጥ ቤቱን ፍሪጅ እያየን።

ነይ አላልኩሽም። ለምኜ አላውቅም፣ ዛሬም አልለምንም። እዚህ ቤት ዝቅ ብሎ የሚያነሳ ሰው ጠፍቷል ነው ያልኩት።

ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የምትረግጪው ወለል አያንሸራትትሽ።

ጭራ የሌለው አይጥ ጠባቂ፣
አባትሽ