ኦገስት አሥራ አራት፦ የፑኒታ ካሩፓያ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፑኒታ ካሩፓያ ከአባታቸው ከአቶ ካሩፓያ ሙቱሳሚ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሌቹሚ ራማሳሚ፣ በስሪላንካ ተራሮች ላይ በሚገኘው በአበርሎን የሻይ እርሻ፣ በሦስተኛው የሠራተኞች ቤቶች ረድፍ ሰባተኛ ክፍል፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 14 ቀን 1987 ተወለዱ። ቀኑ እርግጠኛ ነው። የእርሻው ክሊኒክ አዋላጅ በመዝገብ ጽፋዋለች፤ ገጹንም አይተነዋል። በዚያ ዓመት በረድፉ ከተወለዱት አሥራ አንድ ሕፃናት የልደት ቀኑ የተጻፈው የእሳቸው ብቻ ነው። የሌሎቹ እናቶች ሲያምጡ አዋላጇ ፈቃድ ላይ ነበረች።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ታላቅ ወንድማቸው፣ የእርሻው ትምህርት ቤት መምህር ቬሉ ካሩፓያ ነኝ። ታናሽ እህቴን በሕይወት ሳለች አንቱ ብያት አላውቅም፤ ወጉ ስለሆነ ግን እንዲህ ተጽፏል። በእሳቸው ስም ለአሥራ አምስት ዓመት ሲነበብ የኖረ አንድ ስህተት አለ። እሱን ሳላቃና ይህን ወረቀት አልጨርስም። ካረፉ ጀምሮ ምንም አልተሰማኝም። ሰው መጥቶ ሲያለቅስ እንግዳ እንደ መጣ ወንበር አቀርባለሁ። እጄ ግን ይጽፋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ አምስተኛ ክፍል በእርሻው ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በሃተን ከተማ ተማሩ። በውጤታቸው ካንዲ ወደሚገኝ የመነኮሳት አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። አባታቸው በሻይ ፋብሪካው ወንፊት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው በ2003 አረፉ። ወይዘሮ ፑኒታ በ2005 ሙሉ የትምህርት ዕድል አግኝተው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ከእርሻው ሰዎች አውሮፕላን በመሳፈር የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው።

በዩኒቨርሲቲው የደቡብ እስያ ተማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት ፌሎሺፕ፣ ማለትም ተማሪ ለሥራ የሚላክበት ድጋፍ፣ ነበር። አስተማሪም፣ ደመወዝተኛም አልነበረበትም። ሰባት ተማሪዎች ኮሚቴ ሆነው በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ሳምቡሳና ሻይ ይሸጣሉ፣ በጸደይ የጭፈራ ትርኢት ያዘጋጃሉ። ባገኙት ገንዘብ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ወደ ደቡብ እስያ ልከው አንድ ክረምት ያሠራሉ። የተላከው ሲመለስ በግቢው ተማሪዎች ፊት ቆሞ የሠራውንና ያየውን የመናገር ግዴታ አለበት። ወይዘሮ ፑኒታ መጀመሪያ የተመደቡት ሻይ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ቀምሰው “ይሄ አባቴ ከፋብሪካው ወለል ይጠርገው የነበረው ነው” ብለው ሙሉውን ድስት ደፉት። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሐምዛ የሚባል የላሆር ልጅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሻይ ሚኒስትር ይላቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ነግረውናል።

በ2008 ፌሎሺፑን ለራሳቸው ጠየቁ። የጠየቁት ለዚህ ለኛው እርሻ ነበር። እዚህ የተወለደ አብዛኛው ሰው የልደት ወረቀት አልነበረውም፤ የልደት ወረቀት የሌለው ደግሞ መታወቂያ አያገኝም። ጊዜው መንግሥት ከታሚል አማፅያን ጋር የሚዋጋበት ነበር። መታወቂያ የሌለው እንደኛ ያለ ታሚል ኬላ ማለፍ አይችልም፤ ሊያልፍ ቢሞክርም የት እንደሚያድር አያውቅም። እናታችን ወይዘሮ ሌቹሚ ወደ ሰሜን፣ ቫቩኒያ የሄዱ ፓርቫቲ የሚባሉ ታላቅ እህት ነበሯቸው። ሁለቱ እህትማማቾች ከተያዩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ወይዘሮ ፑኒታ በማመልከቻቸው ላይ የመቶ አርባ ሦስት ሰዎችን ቅጽ እንደሚያስሞሉ ጻፉ። ለእናታቸው ግን በስልክ “አማ፣ እህትሽን ታያለሽ” አሏቸው።

ኮሚቴው ታላቅ ወንድማቸውን በትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ሱቅ ስልክ አነጋገረ። ሐምዛ ሥራው ባይሳካ ምን እንደምናደርግ ጠየቀ። ወንድማቸውም “ወረቀት መሙላት ነው፤ ምኑ ይበላሻል?” አለ። በወዲያኛው በኩል ብዙ ሰው ሲስቅ ተሰማ። ፌሎሺፑም ተፈቀደ።

ወይዘሮ ፑኒታ በጁን መጥተው ከወንድማቸው ጋር ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ ስድስት ሳምንት ሠሩ። የልደት ዓመቱ ብዙም አላስቸገረም፤ የጎርፉ ዓመት፣ የሥራ አስኪያጁ ቤት የተቃጠለበት ዓመት እየተባለ ይገኛል። ያስቸገረው ወሩና ቀኑ ነበር። ቅጾቹ ገቢ ሊሆኑ አንድ ቀን ሲቀር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስልሳ አንድ ሰዎች ቀን ሳይኖራቸው ቀሩ። በትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በስልሳ አንዱም ቅጽ ኦገስት 14 ተብሎ ተጻፈ።

የመንግሥት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ መቶ አርባ ሦስቱንም ቅጽ መለሰ። በአንድ ቀን የተወለዱ ስልሳ አንድ ሰዎች ሲያይ ሐሰተኛ ሰነድ ነው አለ። ለዚያ ጊዜ ባለሥልጣን እንዲህ ማሰብ አስቸጋሪ አልነበረም። ወይዘሮ ፑኒታ ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ተመልሰው በኦክቶበር በግቢው ተማሪዎች ፊት ቆሙ። ተማሪዎቹ መታወቂያ ይዘው ፈገግ ያሉ አሮጊቶችን ፎቶግራፍ ይጠብቁ ነበር። እሳቸው አንድም መታወቂያ አለመውጣቱን፣ ለምን እንዳልወጣም ተናግረው ተቀመጡ። አዳራሹ ማጨብጨብ ይገባው አይገባው እንዳላወቀ ሐምዛ በኋላ ጽፎልናል።

በፌብሩዋሪ 2009 ወይዘሮ ፓርቫቲ ቫቩኒያ ውስጥ ታመው አረፉ። እናታችን ኬላውን ማለፍ ስላልቻሉ አልደረሱም።

ወይዘሮ ፑኒታ በዚያው ዓመት በሜይ ተመረቁ። ፊላደልፊያ ውስጥ ሥራ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ትተውት በጁን መጡ። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ እናታቸው “አንቺ ነሽ እህቴን ያሳጣሽኝ። ተምረሽ መጥተሽ አሳጣሽኝ” አሏቸው። ታላቅ ወንድማቸው በር ላይ ቆሞ ነበር። ወይዘሮ ፑኒታ ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያም “አዎ አማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ። እናታቸው ሁለት ወር አላነጋገሯቸውም፤ ምግባቸውን ግን ከድነው ያስቀምጡላቸው ነበር።

በዚያ ሁለት ወር ሥራው እንደገና ተሠራ። ወይዘሮ ፑኒታ ብዕር ሳያወጡ በየክፍሉ ሻይ ጠጡ፤ እናቶችን፣ አክስቶችን፣ ጎረቤትን ጠየቁ። የየትኛው በዓል ሰሞን እንደነበር፣ ሻይ ቅጠሉ ለምቶ እንደነበር እያሉ ወሩን አገኙት። ቀኑ የጠፋበት ራሱ እንዲመርጥ ተደረገ። አቶ ማሪሙቱ የፖንጋልን በዓል መረጡ፤ ጣፋጭ ሩዝ የሚበላበት ነው። ባለቤታቸው “ከሱ ጋር ባንድ ቀን አልወለድም፤ እኔ እቀድመዋለሁ” ብለው ሁለት ቀን ቀደሙ። ሦስት ወንዶች ደመወዝ የሚከፈልበትን አሥረኛውን ቀን ፈለጉ። የመጨረሻው ቅጽ የእናታችን ነበር። ወይዘሮ ፑኒታ ከፊታቸው አስቀመጡት። እናታችንም ከሁለት ወር በኋላ አፋቸውን ከፍተው “ሌላው ይቀይር። እኔ የተወለድኩት ልጄ በተወለደችበት ቀን ነው” አሉ። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ኦገስት 14 ሲያይ አልተጠራጠረም።

መታወቂያዎቹ በማርች 2010 መጡ። እናታችን በዚያው ሳምንት ከልጃቸው ጋር በአውቶቡስ ቫቩኒያ ሄዱ። ኬላው ላይ የነበረው ወታደር መታወቂያውን አየት አድርጎ መለሰላቸው። በእህታቸው ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ፊት አንድ ከሰዓት ተቀምጠው ተመለሱ።

ወይዘሮ ፑኒታ ከዚያ በኋላ ኑሯቸውን እዚሁ አደረጉ። ሃተን ውስጥ ሰነድ ለሌላቸው ሰዎች ሰነድ በሚያስወጣ ድርጅት ውስጥ እስከ ሕመማቸው ሠሩ። በ2014 በሃተንና በካንዲ መስመር የአውቶቡስ ሹፌር ከሆኑት ከአቶ ራጅኩማር ሴልቫም ጋር ትዳር መሥርተው በ2016 ሴት ልጃቸውን ካዊያን ወለዱ።

ፌሎሺፑን ግን አልለቀቁትም። ተማሪዎች የሚመሩት ነገር ጠባዩ ይታወቃል፤ የዘንድሮው ኮሚቴ ይመረቃል፣ የሚቀጥለው ምንም አያውቅም፣ የተሳሳቱትም ስህተታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ በየሴፕቴምበሩ ለማያውቋቸው ሰባት ልጆች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ደብዳቤው ሁልጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ “አታውቁኝም። ፑኒታ እባላለሁ። በ2008 የናንተን ገንዘብ ይዤ ሄጄ ስልሳ አንድ ሰው ባንድ ቀን ወለድኩ።” ከዚያ የሆነው ሁሉ ይተረካል፤ አክስታችን ይጠቀሳሉ፤ “ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ቸኮልኩ” ተብሎ ያልቃል። ኮሚቴው አመልካቾችን ከመጠየቁ በፊት ይህን ደብዳቤ ቆሞ ማንበብ ልማዱ ሆነ። አንዲት ልጅ ሰምታ ማመልከቻዋን ይዛ ወጥታ፣ በዓመቱ የተሻለ ይዛ መጣች ይባላል።

የተመረጡትም ልጆች እዚህ እየመጡ ከእሳቸው ተምረዋል። ከመካከላቸው ዛሬ ከኮሎምቦ ድረስ መጥታ ከእኛ ጋር ያለችው ታስኒም ራህማን ናት። በመጀመሪያ ቀኗ “ብዕር ሳታወጪ በየክፍሉ ሻይ ጠጪ” ተብላ፣ አሥራ አንደኛው ስኒ ላይ ከበር ውጪ አስመለሳት። ረድፉ ሁሉ እስከ ዛሬ በዚህ ይስቅባታል።

ወይዘሮ ፑኒታ በማርች 2023 የማኅፀን እንቁልጢ ካንሰር እንዳለባቸው ካንዲ ውስጥ ተነገራቸው። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በሴፕቴምበር እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የዚያን ዓመት ደብዳቤ እሳቸው እየተናገሩ ታላቅ ወንድማቸው ጻፈ። “ጥፋቱ የኔ ነበር” የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ። እሳቸውም “ጻፍ እንጂ አንና” አሉት፤ ታላቅ ወንድም በእኛ ቋንቋ አንና ይባላል። ጻፈው።

ያልኩት ስህተት ይህ ነው። በዚያ እሑድ ከሰዓት እህቴ ስልሳ አንዱን ሰዎች እንደገና ልትጠይቅ ዣንጥላዋን አንስታ ነበር። ሁለት ሳምንት ይፈጅ ነበር፤ ቅጹ ቢዘገይም፣ በረራዋም ቢያልፍ ግድ የላትም ነበር። “የራስሽን ቀን ጻፊ፤ ማን ያየዋል?” ያልኩት እኔ ነኝ። አይሆንም ስትለኝ ብዕሩን ከእጇ ወሰድኩና የመጀመሪያውን ቅጽ በእጄ ጻፍኩ። የእናታችን ቅጽ ነበር። እኔ ከጻፍኩ በኋላ ተቀምጣ የቀሩትን አብራኝ ጻፈች። ዝናብ ነበር፤ ደክሞኝ ነበር። ሌላ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

እናታችን ሲወቅሷት በር ላይ ቆሜ አንድ ቃል አልወጣኝም። በማግስቱ ለምን እኔን እንዳላጋለጠችኝ ጠየቅኋት። የሻይ ስኒ እያጠበች ነበር፤ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። “አንተ እዚህ ከሷ ጋር ትኖራለህ፣ አንና። እኔ ሂያጅ ነኝ” አለችኝ። አልሄደችም። አሥራ አምስት ዓመት አጠገባችን ኖረች፤ እኔም አሥራ አምስት ዓመት ዝም አልኩ። በየዓመቱ በማላውቀው አዳራሽ ውስጥ ልጆች ተነስተው የኔን ጥፋት በእሷ ስም ሲያነቡ አውቅ ነበር። ቀላል ሆኖልኝ ነበር፤ ይህንንም መናገር አለብኝ።

ታስኒም፣ ይህን ወረቀት ለዘንድሮው ኮሚቴ ላኪልኝ። ደብዳቤው መነበቡ አይቁም፤ ማንበብ ጠቃሚ ነው። ከመጪው ሴፕቴምበር ጀምሮ ግን “ፑኒታ እባላለሁ” የሚለው “ቬሉ እባላለሁ” ተብሎ ይነበብ። የሷ ስም መነሳት ያለበት ሁለተኛውን ጊዜ በሠራችበት ላይ ነው።

ወይዘሮ ፑኒታ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024 ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የፋብሪካው ፊሽካ እንደተነፋ፣ በተወለዱበት ክፍል በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸው አቶ ራጅኩማር፣ የሰባት ዓመት ልጃቸው ካዊያ፣ ታላቅ ወንድማቸው ቬሉ፣ እንዲሁም በመታወቂያቸው ላይ ከልጃቸው ጋር በአንድ ቀን የተወለዱት እናታቸው ወይዘሮ ሌቹሚ ቀርተዋል። ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለእናታቸውና ለልጃቸው ብርታትን አምላክ ይስጥ።

ይህ የሚነበበው እናታችን ፊት ነው። የሚያነቡት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ናቸው፤ እኔ ድምፄ ላይ እምነት የለኝም። ተነብቦ ሲያልቅ አስከሬኑን እንሸኛለን፣ እንግዳው ይሄዳል፤ እኔም ከእናቴ ጋር ወደ ቤት እገባለሁ።