ሾላው ከነበረበት መቶ ሜትር ወደ ደቡብ

ለተከበሩ ዶን ኤቬራርዶ ባርኬሮ፣
በሳን ሂል ዴ ላ ሎማ የውጭ አገር ሰዎች መኖሪያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ ያልታመመ፣ የቢሮዎም ማራገቢያ የሚሠራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ማራገቢያው በቆመ ቁጥር መስኮት ቁጥር አራት እንደሚዘጋ በራሴ ላይ ደርሶ አይቻለሁና፣ ለማራገቢያዎ የምጸልየው ለራሴ ከምጸልየው በላይ ነው።

ስሜ ኦዲሊያ ሳምብራና ይባላል። የኒካራጓ ሰው፣ የቺናንዴጋ ልጅ ነኝ። ወደ ኮስታ ሪካ የመጣሁት ለቡና ለቀማ ነበር፤ ለቀማው አለቀ፣ እኔ ቀረሁ። ዛሬ በቤቴ የፊት ክፍል ቁርስና ምሳ እሸጣለሁ፤ የክቡርነትዎ ጸሐፊዎችም ጠዋት ጠዋት ሩዝ በቦሎቄ የሚያስመጡት ከእኔው ዘንድ ነው። ልጄ ሜይሊን እዚሁ ተወልዳ የዚህ አገር ዜጋ ሆና፣ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሳለች። አባቷ ገና በጡት ሳለች ጥሎን ስለሄደ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

የመኖሪያ ፈቃድ ስጠይቅ የኖርኩት በግድግዳዬ ላይ ልሰቅለው አይደለም። እናቴ ዶኛ ፓስቶራ ቺናንዴጋ ውስጥ ዓይኗ ጠፍቶ ተቀምጣለች፤ ፊቴን በእጇ ሳትዳስስ መሞት አትፈልግም። ያለ ፈቃድ ድንበሩን ከተሻገርኩ ግን ተመልሼ ወደ ልጄ መግባት አልችልም። ጉዳዬ በሙሉ ይኸው ነው፤ ሄጄ እናቴን ልቀፍ፣ ተመልሼ ልጄን ትምህርቷን ላስጨርስ። ክቡርነትዎን የሚያህል ሰው ጊዜ ለመውሰድ ምክንያቱ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቅሬታ የሚለው ቃል አፌን ስለሚይዘኝ፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ከአገሬ ያስመጣሁት የልደት ምስክር ወረቀት አርጅቷል ተብሎ ስለተመለሰልኝ አመሰግናለሁ። ያረጀው መስኮትዎ ፊት ወረፋ ሲጠብቅ ነው፤ እኔም አብሬው አርጅቻለሁ። እህቴ አዲስ ልታወጣልኝ ብትሄድ የመዝገብ ቤቱ ሰው «ምነው፣ እንደገና ተወለደች እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። አዲሱም ወረቀት ሲመጣ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ ከዚያችው እናት እንደተወለድኩ መሰከረ። ክቡርነትዎን ከሐሳብ ስላሳረፈልኝ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛ፦ ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። እንደሚያውቁት በእኛ ከተማ መንገዱ ስም፣ ቤቱም ቁጥር የለውም። ሰው ቤቱን የሚናገረው ከአንድ የታወቀ ነገር ተነስቶ ሜትሩን ቆጥሮ ነው፤ ያ የታወቀ ነገር ቢፈርስም ቢቃጠልም ስሙ እዚያው ይቀራል፣ ሰዉም አይጠፋም። የእኔ ቤት አድራሻ «ሾላው ከነበረበት መቶ ሜትር ወደ ደቡብ፣ አረንጓዴ በር» ነው። ሾላው እኔ ከመምጣቴ በፊት ተቆርጧል፣ በቦታው ላይ ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሱቅ አለ። ልጄን የወለድኩት፣ ያስከተብኩት፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገብኩት፣ የመብራትም የከፈልኩት በዚሁ አድራሻ ነው፤ እስከ ዘንድሮ ድረስም ሾላውን ያየ ወይ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ ግን ክቡርነትዎ የአድራሻው መነሻ በዓይን ታይቶ ፎቶ እንዲነሳ አዲስ መመሪያ አወጡ፤ መርማሪዎን ዶን ፋቢያንንም ላኩልኝ። ሰውየው ማዕዘኑ ላይ ወርዶ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ አሁን እዚያው ወንበር አውጥቶ መንገደኛ የሚቆጥረውን ጎረቤቴን ዶን አቡንዲዮን ጠየቀው።

«አባት፣ ሾላው የታለ?»

«ተቆርጧል እኮ ልጄ። እኔ እንኳ አልደረስኩበትም።»

«ካልደረሱበት የት እንደነበር በምን አወቁ?»

«እንዴ፣ ሾላው ጋ ነዋ።»

«ፎቶ ማንሳት አለብኝ፣ አባት። መመሪያ ነው።»

«መመሪያ ከሆነማ እኔ ልቁምልህ። እጄንም ዘርጋ ካልከኝ እዘረጋለሁ፤ ብቻ ቶሎ በል፣ ትከሻዬን ያመኛል።»

መርማሪዎ አልሳቀም። ወደ ቤቴ መጣ፣ ገባ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠ። ሩዝ በቦሎቄ ከሁለት እንቁላል ጋር አቀረብኩለት፤ የተጠበሰ ሙዝ አስጨመረ፤ «እጅዎ ይባረክ፣ ዶኛ ኦዲሊያ» አለኝ። እኔም ሰው ሲጠግብልኝ ወሬ ስለምወድ «አንተስ ልጄ፣ ቤትህ ወዴት ነው?» አልኩት። አፉን እየጠረገ «ሳሙና ፋብሪካው ከነበረበት ሁለት መቶ ወደ ምዕራብ» ብሎ መለሰልኝ፤ ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። ከዚያ ወጥቶ፣ በተጠቀሰው ስፍራ ሾላ ስላልተገኘ ከሾላው መቶ ሜትር የሚርቅ ቤትም ሊኖር እንደማይችል ጻፈ። ታዲያ ያን ሁሉ ሙዝ የት ተቀምጦ እንደበላ አልጻፈም።

ሦስተኛ፦ ጸሐፊዎ አዝናልኝ «ሾላው እንደነበረ ከማዘጋጃ ቤት ማረጋገጫ ያምጡ» ብላ ስለመከረችኝ አመሰግናለሁ። ማዘጋጃ ቤት የዛፍና የመናፈሻ ጉዳይ የያዘችው ዶኛ ኤርሜሊንዳ ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ይህን ለማንም እመሰክራለሁ።

«እናቴ፣ ዛፉ የተመዘገበ አይደለም» አለችኝ። «መኖሩን የማላውቀውን ነገር እንደሞተ አድርጌ እንዴት ልፈርምልሽ?»

«ከተማው ሁሉ ያውቀዋል እኮ።»

«ከተማው ይወቀው፣ እኔ ግን አላውቀውም። ደግሞ ለመሆኑ ማነው የቆረጠው? ሾላ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ቅጣት አለው።»

ምስክርነት ፍለጋ ሄጄ ተከሳሽ ልሆን ትንሽ ነበር የቀረኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ደርሼ ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ የቱ እንደቀደመ አሁን አላስታውስም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነገር በቁጥር አይያዝልኝም።

ባለፈው ሳምንት ፖስተኛው መጣ። ሞተሩን አረንጓዴው በሬ ላይ አቁሞ «ዶኛ ኦዲሊያ፣ ከመንግሥት ነው፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ። ፖስታው ላይ በክቡርነትዎ ቢሮ ማሽን ንጹሕ ሆኖ የታተመው አድራሻ «ሾላው ከነበረበት መቶ ሜትር ወደ ደቡብ፣ አረንጓዴ በር» ይላል። ውስጡ ያለው ደብዳቤ ደግሞ አድራሻዬ በምድር ላይ እንደማይገኝ፣ ስለዚህም ማመልከቻዬ ውድቅ እንደሆነና አገሩን እንድለቅ ያስታውቃል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ፖስተኛውን «ቤቱን እንዴት አገኘኸው?» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ። «ዶኛ ኦዲሊያ፣ ደህና ነዎት ግን?»

ደህና አይደለሁም፣ ክቡርነትዎ። ይግባኝ ልል ብመጣ፣ ይግባኝ ለማለት የተረጋገጠ አድራሻ ያስፈልጋል ተባልኩ። ከዚህ ወዲያ ለማን አቤት እንደሚባል አላውቅም፤ ለእርስዎ የምጽፈውም በሩ ሁሉ ተዘግቶ የቀረኝ ሰው እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው።

እሑድ እናቴ ደወለች፤ ስልኩን እህቴ ትይዝላታለች። «ወረቀቱ ደረሰልሽ ወይ?» አለችኝ። እንዳልሆነልኝ ነገርኳት፣ የዛፉንም ጣጣ ከነምክንያቱ አስረዳኋት። ሰማችኝና «ዛፍ ብቻ ነው የጎደለሽ?» አለች። «እዚህ ደጄ ላይ ማንጎው አለልሽ አይደል? እኔ ባላየው ፍሬው ሲወድቅ እሰማዋለሁ። እህትሽ ፎቶ ታንሳልሽና ስጫቸው፤ ዛፍ ዛፍ ነው።» እሺ እማዬ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? ፎቶው መጥቷል፣ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ቆንጆ ማንጎ ነው። ጥግ ላይ በወንበር የተቀመጠችው እሷ ናት።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ላደርስ በደብዳቤዎ ራስጌ የታተመውን የቢሮዎን አድራሻ ይዤ መጣሁ፤ «ባቡር ጣቢያው ከነበረበት ሰባ አምስት ሜትር ወደ ሰሜን» ይላል። ጣቢያው ተቃጥሏል፣ ሐዲዱም ተነቅሎ ለብረት ተሽጧል፤ ክቡርነትዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በመመሪያዎ መሠረት ጣቢያውን በዓይኔ ፈለግኩት፣ አጣሁት። እንግዲህ ቢሮዎ የለም፣ ውሳኔዎም የለም ብዬ በሰላም ወደ ምድጃዬ ልመለስ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ዘበኛዎ በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ ማራገቢያው ተበላሽቷል፣ ነገ ይመለሱ» አለኝና፣ መኖርዎን ወዲያው አመንኩ። ስለዚህ ይኸው ደብዳቤ በጋዜጣ ታትሞ ይድረስዎ ብያለሁ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ሾላውን ይተዉት፣ ነፍሱን ይማረው። አንድ ቀን ጠዋት ከጸሐፊዎችዎ ጋር ቁርስ ይምጡ። የሚቀመጡበት ወንበር ካለ፣ ወንበሩ ያለበት ቤትም አለ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አልችልም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመስኮት ቁጥር አራት ቀዝቃዛ አየርን፣ ለመርማሪዎም የሙዝ ፍላጎቱን እግዜር ሳያጎድልበት እንዲሰጠው እየተመኘሁ፣ በሌለ ቤቴ፣ በሌለ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ፣ ለሠራተኞችዎ ከምሠራላቸው ቁርስ በቀር በምድር ላይ ምንም ምልክት የሌለኝ ታዛዥዎ፣

ኦዲሊያ ሳምብራና ቴዬስ

ማስታወሻ፦ ሊያስወጡኝ ሰዎች የሚልኩ ከሆነ እንዳይንከራተቱብኝ ማዕዘኑ ላይ ዶን አቡንዲዮን ይጠይቁ፤ ሾላውን ያሳያቸዋል። እናቴን ለማየት ስለምንዎ ነበርና መሄጃውን መንገድ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ያስቀሩብኝ መመለሻውን ብቻ ነው። ደግሞ በዚህ ከተማ አንድ ነገር አድራሻ የሚሆነው ከጠፋ በኋላ ስለሆነ፣ ጎረቤቶቼ ከእንግዲህ ቤታቸውን ሲያመለክቱ «ኦዲሊያ ከነበረችበት ሃምሳ ሜትር ወደ ምሥራቅ» ይላሉ። ያን ጊዜ አደራዎን፣ ኦዲሊያን በዓይን አይቶ ፎቶ የሚያነሳ መርማሪ አይላኩ። በሩን የምትከፍትለት ልጄ ናት፣ የት ሄደች ብሎ እንዳይጠይቅብኝ።